ፊት በፊት፦ ካርቱን የሚያስቀን ለምንድን ነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው ይዤ የመጣሁት። ጊዜ ያላችሁ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት፤ ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

ርእሱ ስለ ካርቱን ነው። «ቲቸር ታሪኩን ትተው ካርቱን ውስጥ ገቡ እንዴ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። አልተውኩም። ይሄም ታሪክ ነው፤ የሳቅ ታሪክ።

ነገሩን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ስልካቸው ላይ አኒሜሽን የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሥራቸውን ይልኩልኛል። እጃቸው ጥሩ ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ሰውየው ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ግን አያስቅም። እነሱም ያውቁታል። «ቲቸር፣ ቶም ኤንድ ጄሪ ላይ ድመቷ ስትወድቅ ሰው ይስቃል፤ የእኔ ሰውዬ ሲወድቅ ለምን ማንም አይስቅም?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ፍለጋ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ ከአሜሪካ ስቱዲዮ እስከ ጣና ገዳማት።

ጥቅሉን ቀድሜ ልንገራችሁ። ሰው በውድቀቱ ብዙም አይስቅም። የሚስቀው ሊወድቅ መሆኑን ቀድሞ ሲያውቅና በዚያች ሰዓት የሰውየውን ፊት ሲያይ ነው። ቋንቋችን ራሱ ይሄን ነገር ያወቀው ይመስላል፤ «ፊት» ስንል ገጽ ነው፣ «በፊት» ስንል ደግሞ ቀደም ብሎ ማለት ነው። አንድ ቃል ሁለቱን ይዞልናል። የአስቂኝ ካርቱን ጥበብም እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ነው።

1. መንደርደር

የገጠር ልጆች ይሄን ታውቁታላችሁ። አውራ በግ ሊዋጋ ሲል መጀመሪያ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ማፈግፈጉን ያየ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ከመካከል ዞር ይላል። ቦይ የሚዘል ልጅም መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ይንደረደራል።

የካርቱን ሠዓሊዎች ይሄን መንደርደር ሕግ አድርገው ጻፉት። ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን የተባሉ ሁለት የዋልት ዲዝኒ አንጋፋ ሠዓሊዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ 12 የአኒሜሽን መርሆችን ዘርዝረዋል። አንዱ ይሄው ነው፦ ከማንኛውም ትልቅ እንቅስቃሴ በፊት ተመልካቹን የሚያዘጋጅ ትንሽ እንቅስቃሴ ይኑር። ድመቷ ከመሮጧ በፊት ወደ ኋላ ትለጠጣለች፤ እግሯ አየር ላይ ይሽከረከራል፤ ከዚያ ዥው! ይሄ ባይኖር ዓይናችን ሩጫውን ሳይዘው ያልፍ ነበር።

መንደርደር ግን ለእግር ብቻ አይደለም፤ ታሪክም ይንደረደራል። እስኪ አንድ ሰርግ ቤት እናስብ። ዳሱ ውስጥ አንድ እግሩ የተሰነጠቀ በርጩማ አለ። ታሪኩን በሁለት መንገድ መሥራት ይቻላል።

አንደኛው፦ ጎረምሳው ገብቶ ቁጭ ሲል በርጩማው ተሰብሮ ይወድቃል። አንድ ጊዜ «ሃ!» እንላለን፣ አለቀ።

ሁለተኛው፦ መጀመሪያ ስንጥቁን እናያለን። ከዚያ አዲስ ነጭ ሱሪ የለበሰ፣ ደረቱን የነፋ ጎረምሳ ሙሉ ብርሌ ጠጅ ይዞ ይገባል። ሊቀመጥ ጎንበስ ይላል፤ አንዱ ሲጠራው ቀና ይላል። እንደገና ጎንበስ ይላል፤ ሽማግሌ ሲገቡ ተነስቶ እጅ ይነሳል። በመጨረሻ ይቀመጣል፤ በርጩማው አይሰበርም! እፎይ ብሎ ብርሌውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። ጎረምሳው አይነቃነቅም። ዓይኑ ብቻ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ይዞራል።

የምንስቀው እዚህ ላይ ነው፤ ገና ሳይወድቅ። ውድቀቱ ሲመጣ የሚደርሰው የተጠራቀመውን ሳቅ ለመልቀቅ ብቻ ነው።

የፊልም ባለሙያው አልፍሬድ ሂችኮክ ይሄን ልዩነት በቦምብ ያስረዳው ነበር። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ጠረጴዛው ሥር ያለ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሴኮንድ ይደነግጣል። ቦምቡን አስቀድሞ ካየው ግን ወሬው እስኪያልቅ ሙሉ ጊዜውን በጭንቀት ይቀመጣል። የሂችኮክ ነገር ፍርሃት ነው፣ የእኛ በርጩማ ደግሞ ሳቅ። አሠራሩ ግን አንድ ነው፦ ተመልካቹ ከባለታሪኩ ቀድሞ ይወቅ።

2. ግድግዳው ላይ ያለው ፊት

አሁን ወደ አገራችን እንግባ። እኛ ፊት ማንበብ የተማርነው ከቴሌቪዥን አይደለም። ቴሌቪዥን ሳይታሰብ በብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች አስተምረውናል።

ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው ሁሉ አይቶታል፣ ልብ ያላለው ግን ይኖራል። በጥንቱ አሣሣል ጻድቃንና ሰማዕታት ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ይሣላሉ። ዲያብሎስ፣ አረማዊው ንጉሥ፣ ሰማዕቱን የሚገርፈው ወታደር፣ ብዙ ጊዜም ይሁዳ በጎናቸው፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሕጉ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የአድዋ ሥዕል ውስጥም ገብቷል፦ የእኛ ሰዎች ፊት ለፊት፣ ጣልያኖቹ በጎን፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ።

ይሄ ምን ማለት ነው? ፊደል ያልቆጠሩ እናት ግድግዳው ፊት ቆመው፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ማን ክፉ ሊሠራ እንደሆነ ቀድመው ያውቃሉ ማለት ነው። ሠዓሊው በፊት አሣሣሉ ብቻ ተመልካቹን አዘጋጅቶታል። መንደርደር ማለት ይሄ አይደል?

ከዚህም የሚቀርብ ነገር አለን። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሥዕል፣ ሸራ ላይ አይታችሁት ታውቃላችሁ። በየሆቴሉና በየቱሪስት ዕቃ መሸጫው ተሰቅሏል። ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ ቀረጻ ከመጀመራቸው በፊት ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል ይነድፋሉ፤ የእኛ ሠዓሊዎች ይሄን ሸራ ላይ ጨርሰው አስቀምጠውታል።

ታሪኩን ደግሞ አስቡት። ክብረ ነገሥት እንደሚተርከው ንግሥቲቱ ሰሎሞንን በግድ እንዳይነካት ታስምለዋለች። እሱም በተራው ከቤቱ ምንም ነገር በግድ እንዳትወስድ ያስምላታል። ከዚያ የሚያስጠማ ምግብ ያበላታል። ማታ በሁለቱ አልጋ መካከል ውሃ ይቀመጣል። እሱ የተኛ መስሎ ይጠብቃል። ንግሥቲቱ ጉሮሮዋ ደርቆ ቀስ ብላ ትነሳለች... ተመልካቹ ሁሉንም ያውቃል፦ ምግቡን ያውቃል፣ መሐላውን ያውቃል፣ የሰሎሞንን የውሸት እንቅልፍ ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። እጇ ወደ ውሃው ሲዘረጋ ያየ ሰው ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ሳይመጣበት አይቀርም። ከላይ ያለው በርጩማና ይሄ ውሃ አንድ ናቸው።

ይሄን ጥበብ ደግሞ ሩቅ አትፈልጉት። ቄስ አዳሙ ተስፋው የእኛው የቢቸና ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያንን አሣሣል ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ቅዱሳንንም፣ ጦርነትንም፣ የገጠር ኑሮንም ሣሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ሕይወታቸውና ሥራቸው ብቻ የቀረበበት ዐውደ ርእይ ተዘጋጅቶላቸዋል። ከደብረ ማርቆስ በቅርብ ርቀት ከምትገኝ ከተማ የወጣ እጅ ነው። «እኛ ጋ ሥዕል የለም» የምትሉኝ ልጆች ይሄን ያዙልኝ።

3. የአለቃ ሰላምታ

ማዘግየት ደግሞ የቅኔ አገር ሰው ሊማረው አይገባም፤ ሊያስተምረው ይገባል እንጂ። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን የያዘ አገር ነው ያለን። ቅኔ ሲዘረፍ አድማጩ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጠብቃል። ወርቁ ቶሎ ከተገለጠ ቅኔው ይረክሳል፤ ጭራሽ ካልተገለጠ ደግሞ አድማጩ ባዶ እጁን ይሄዳል። ጥበቡ ያለው በመሀል ባለችው መጠበቅ ላይ ነው።

አለቃ ገብረ ሐና ይሄን ወደ ቀልድ ያወረዱ ሊቅ ናቸው። ሁላችሁም የምታውቋት አንዲት ቀልድ አለች። አለቃ መንገድ ላይ ብቻውን አህያ የሚነዳ ሰው ያገኛሉ። በትሕትና «እንደምን አደራችሁ» ይሉታል። ሰውየውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ነው ነገሩ የሚገባው፤ «አደራችሁ?» እኔና ማን?

እዚህ ቀልድ ውስጥ ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልተመታም። ያለው ሰላምታውና ሰውየው እስኪገባው ያለው ጥቂት እርምጃ ነው። እኛ ቀድመን ስለገባን ያን እርምጃ እየቆጠርን እንጠብቃለን። ይሄን ቀልድ በደንብ የሚያወራ ሰው ካያችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦ መጨረሻ ላይ በቃል አይናገርም። ቆም ይልና የአህያ ነጂውን ፊት ይሠራል፤ መጀመሪያ ፈገግታ፣ ከዚያ ግራ መጋባት፣ ከዚያ ክው። ሦስት ፊት። አኒሜሽን ነውኮ!

4. ዳይኖሰሯ፣ ውሻውና ገደሉ

በምኒልክ ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ማሳያ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በሌላው ዓለም ደግሞ በዚያው ዘመን ሠዓሊዎች ሥዕልን ማንቀሳቀስ እየተማሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1914 ዊንዘር ማኬይ የተባለ አሜሪካዊ የጋዜጣ ሠዓሊ ገርቲ የምትባል ዳይኖሰር ሣለ። በሺህ የሚቆጠር ሥዕል በእጁ ሠርቶ መድረክ ላይ ጅራፍ ይዞ ይቆምና ሸራው ላይ ያለችውን ዳይኖሰር ያዛታል። ትታዘዛለች፣ አንዳንዴ ታምፃለች። ሲቆጣት ታለቅሳለች! ከእሷ በፊትም የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎች ነበሩ። ገርቲ የተወደደችው ስለተንቀሳቀሰች ብቻ አይደለም፤ ጠባይ ስለነበራት ነው። ሰው ፊቷን አይቶ «አሁንስ እምቢ ልትል ነው» ብሎ መገመት ቻለ። የሚገመት ጠባይ ሲኖር መጠበቅ ይኖራል፤ መጠበቅ ሲኖር ሳቅ ይመጣል።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1934፣ ዲዝኒ «ፕሌይፉል ፕሉቶ» የሚባል አጭር ካርቱን አወጣ። ውስጡ ኖርም ፈርጉሰን የሣለው አንድ ትዕይንት አለ፤ የአኒሜሽን ተማሪዎች ዛሬም ድረስ ያጠኑታል። ውሻው ፕሉቶ ዝንብ የሚይዝ የሙጫ ወረቀት ላይ ይጣበቃል። ካንዱ ቦታ ሲያላቅቀው ሌላው ቦታ ይይዘዋል። በዚህ ሁሉ መሀል ፕሉቶ ቆም ይላል፣ ያስባል፣ እኛን ያያል፣ «አገኘሁት!» የሚል ፊት ያሳያል፣ ይሞክራል፣ ይብስበታል። ሐሳቡ ፊቱ ላይ ሲመጣ እናየዋለን፤ እንደማይሠራለትም ቀድመን እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊዎች የባለታሪካቸውን እግር ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም መሣል እንዳለባቸው ገባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1940 ቶም ኤንድ ጄሪ መጡ። ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ ፈጠሯቸው፣ ተከታታዩ 7 ኦስካር ወሰደ። በየከተማችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ያየን ሰዎች እንግሊዝኛ አንችልም ነበር፤ አላስፈለገንም። ቶም በሩን ሲከፍትና ውሻው ቆሞ ሲያገኘው ፊቱ ላይ የሚመጣው ነገር ትርጉም አይፈልግም።

የመጠበቅን ጥበብ ጫፍ ያደረሰው ግን፣ ለእኔ፣ ቸክ ጆንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የጀመረው ካርቱን ላይ ኮዮቲ የሚባል የተራበ የዱር አውሬ፣ ሮድ ራነር የምትባለውን ፈጣን ወፍ ሲያሳድድ ይኖራል። አይይዛትም። ሲያሳድዳት ገደሉን አልፎ አየር ላይ ይሮጣል፤ አይወድቅም። ይቆማል። በእግሩ ይዳብሳል፣ መሬት የለም። ቀስ ብሎ ወደ ታች ያያል። ከዚያ ወደ እኛ ያያል። ያን ጊዜ ብቻ ይወድቃል።

የመሬት ስበት ኮዮቲ እስኪያውቅ ይጠብቀዋል! የፊዚክስ መምህር ጓደኞቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ከዚህ የበለጠ የሳቅ ቀመር የለም። የሚጥለው ገደሉ አይደለም፣ ማወቁ ነው። አንዳንዴም ወደ ታች ከመሄዱ በፊት ትንሽ ጃንጥላ ይዘረጋል። ምን ልትጠቅመው? ምንም። እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ያቺ ዓይን ለዓይን የተገጣጠምንባት ቅጽበት ናት የምታስቀን።

5. ዝም ያለ ፊት

እዚህ ላይ አንድ ስህተት እንዳይፈጠር። «ፊት» ስል ዓይን ማፍጠጥና አፍ መክፈት ማለቴ አይደለም። ብዙ ወጣቶች አስቂኝ ፊት ማለት የተጣመመ ፊት ይመስላቸዋል።

ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ሩስያዊ የፊልም ሰው ከ100 ዓመት በፊት ግድም አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር ይባላል። የአንድን ተዋናይ ስሜት የሌለበት ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ምስል ጋር አያይዞ አሳየ። ተመልካቹ «እንዴት ተርቧል! እንዴት አዝኗል! እንዴት አፍቅሯል!» አለ። ፊቱ ግን አንድ ነበር። ስሜቱን ያመጣው ተመልካቹ ራሱ ነው።

በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን በስተር ኪተን በዚህ ነው ትልቅ የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በሠራው ፊልም የአንድ ቤት ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በላዩ ላይ ይወድቃል። እሱ የቆመው ልክ መስኮቱ በሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ይተርፋል። ፊቱ ድርቅ እንዳለ ነው። ቢጮህ ኖሮ እኛ አንስቅም ነበር፤ እሱ ስላልጮኸ ጩኸቱን እኛ እንጨርስለታለን።

እንግሊዛዊው ኒክ ፓርክ ደግሞ ከጭቃ መሰል ነገር የሠራት ግሮሚት የምትባል ውሻ... ይቅርታ፣ ወንድ ነው፣ ግሮሚት የሚባል ውሻ አፍ የለውም። እውነቴን ነው፣ አፍ አልተሠራለትም! ያለው ዓይንና ቅንድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የዋላስና ግሮሚት ፊልም ኦስካር አግኝቷል። ጌታው አንድ ሞኝ ነገር ይናገራል፣ የግሮሚት ቅንድብ በትንሹ ዝቅ ይላል፣ ሰው በሳቅ ይወድቃል።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ ለዚህ የተሠራ ነው። እስኪ ቁጠሩልኝ፦ ፊቱ በራ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ፊቱን አጨፈገገ፣ ፊት ነሳኝ፣ ፊት ሰጠኝ፣ ፊቱን አዞረብኝ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ክው አለ፣ ኩምሽሽ አለ። እያንዳንዱ አንድ ሥዕል ነው። «ኩምሽሽ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት አንድ አንቀጽ ያስፈልጋል፤ እኛ በአንድ ቃል እናየዋለን።

6. አባባ ተስፋዬና ጸሐይ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። የልጆችን ሰዓት ከ40 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የያዙት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው። በ2009 ዓ.ም ሲያርፉ አገር ያዘነው በምክንያት ነው።

አባባ ተስፋዬ ካርቱን አልነበራቸውም። ያላቸው ወንበር፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡ ልጆችና የራሳቸው ፊት ነበር። ከቴሌቪዥን በፊት የቲያትር ሰው ነበሩ፤ ሴቶች መድረክ በማይወጡበት ጊዜ ሴት ሆነው ይተውኑ ነበር። ወንድ ሆኖ ሴትን ለመምሰል ልብሱ ብቻ አይበቃም፤ ዓይንና ቅንድብ መሥራት አለባቸው። ያን ሁሉ ይዘው ነው ልጆቹ ፊት የተቀመጡት።

ተረቱም ቢሆን አዲስ አልነበረም። አያ ጅቦ እንደሚሞኝ፣ እመት ጦጢት እንደምታታልል ልጅ ሁሉ ያውቃል። አያ ጅቦ ገና «እሺ» ሲል ልጆች ይስቃሉ። ተረት የሚደገመውና የማይሰለቸው ለዚህ ነው። ልጁ የሚጠብቀው ምን እንደሚሆን ለማወቅ አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር ሲመጣ ለማየት ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል የአንደኛ ደረጃ መምህርት ከባለቤቷ ጋር ሆና «ጸሐይ መማር ትወዳለች»ን ጀመረች። ጸሐይ ትንሽ ቀጭኔ ናት፣ በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘ፤ በትምህርታዊ ሚዲያ ዓለም ትልቅ ስም ነው። ያው ተቋም በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን በሥዕል የተሠራ አኒሜሽን አመጣ።

የአሻንጉሊት ፊት አይለዋወጥም። ግን አንገቷን ዘንበል ስታደርግ፣ ቆም ስትል፣ ቀስ ብላ ዞር ስትል ልጆች ስሜቷን ያነባሉ። የኩሌሾቭ ሙከራ በቀጭኔ! አንዲት መምህርት ይሄን ማድረጓ ደግሞ አይገርመኝም። 60 ልጅ ፊት የቆመ ሰው መቼ ዝም ማለት፣ መቼ ቅንድብ ማንሳት እንዳለበት ካላወቀ ክፍሉን አይዘውም።

7. እና አሁን?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በእነዚህ ዓመታት በአካባቢያችን ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቤት ውለዋል። ብዙዎቹ እጅ ላይ ያለው መጽሐፍ ሳይሆን ስልክ ነው። ስልኩ ላይ ምን ያያሉ? የሚያስቃቸው የውጭ ካርቱን ነው፤ የሚመክራቸው ደግሞ የአማርኛ። ከማያቸው የአማርኛ የልጆች ካርቱኖች ብዙዎቹ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ፊት ግን ሞቷል፤ ቶሎ ቶሎ ይወራል፣ መጨረሻ ላይ «ልጆች፣ ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ይመጣል። ልጁ ጣቱን አንስቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ይሄ ቀላል ነገር አይመስለኝም። ልጅ ቋንቋውን የሚወደው በሳቀበት መጠን ነው። አማርኛ የምክርና የቁጣ ቋንቋ ብቻ ሆኖ፣ ሳቅ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ፣ ነገ ያ ልጅ የአለቃን ቀልድ ማን ያወራዋል? የአያ ጅቦን ፊት ማን ይሥልለታል?

«ገንዘብ የለንም፣ ኮምፒውተር የለንም» የሚለውን አውቃለሁ። ግን ስሌት እንሥራ። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው። ሠዓሊዎች አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚይዙት ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 12 ሥዕል ይበቃል። ለአንድ ደቂቃ 720፣ ለ7 ደቂቃ 5,040 ሥዕል። በእርግጥ ያስፈራል። ነገር ግን ባለታሪኩ ቆሞ እኛን ሲያይስ? ለ2 ሴኮንድ ክው ቢል አንድ ሥዕል ነው የሚያስፈልገው! ሩጫው 24 ሥዕል በሚፈጅበት ጊዜ፣ ክው ያለው ፊት አንድ። በጣም የሚያስቀው ቦታ በጣም ርካሹ ቦታ ነው።

ይሄን ሃናና ባርቤራም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1957 ኤምጂኤም የካርቱን ስቱዲዮውን ዘጋባቸው። ወደ ቴሌቪዥን ሄዱ፤ በጀቱ ትንሽ ነበር። እንቅስቃሴ ቀነሱ፣ ሥዕል ቀነሱ፣ ጠባይና ፊት ላይ አተኮሩ። እ.ኤ.አ. በ1960 «ፍሊንትስቶንስ»ን አወጡ፤ ዓለም አየው። ድህነት መላ አስፈጠረ።

ስለዚህ ለምትሠሩ ልጆች አራት ነገር፦

አንደኛ፣ ስንጥቁን ቀድማችሁ አሳዩ። ተመልካቹን አታስደንግጡት፣ ሚስጥር አካፍሉት። ባለታሪኩ የማያውቀውን ተመልካቹ ይወቅ።

ሁለተኛ፣ አትቸኩሉ። ከመውደቁ በፊት አንድ ሴኮንድ ጨምሩ፣ ለጓደኛችሁ አሳዩት። ከዚያ ግማሽ ሴኮንድ ጨምሩ። የት ላይ እንደሳቀ፣ የት ላይ እንደሰለቸው ጻፉ። ትክክለኛዋን ልክ ማንም አይነግራችሁም፤ የጓደኛችሁ ፊት ይነግራችኋል።

ሦስተኛ፣ መስታወት ግዙ። የዲዝኒ ሠዓሊዎች ጠረጴዛቸው ላይ መስታወት አስቀምጠው የራሳቸውን ፊት እያዩ ነበር የሚሥሉት። ከዚያ ቅዳሜ ገበያ ውጡ። ዋጋ ሲጠራ ገዢው የሚያሳየውን ፊት፣ ሻጯ «አይቻልም» ከማለቷ በፊት ያለውን ዝምታ፣ አህያው አልነሳም ሲል ባለቤቱ ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ ዞር የሚለውን አሥራችሁ ሣሉ። እንዲህ ያለ ፊት በየትኛውም ካርቱን ላይ የለም፤ የእናንተ ነው።

አራተኛ፣ ምክሩን ቀንሱ። አያ ጅቦ ከተሞኘ በኋላ ልጁ ይስቃል፣ ትምህርቱንም ራሱ ይወስዳል። አባባ ተስፋዬም ይመክሩ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ያስቁ ነበር።

ለወላጆችም አንዲት ቃል አለችኝ። ልጃችሁ ደብተሩ ዳር ላይ ፊት እየሣለ ካገኛችሁት ቶሎ አትቆጡ። መጀመሪያ ሥዕሉን እዩት። የማን ፊት እንደሆነ ካወቃችሁና ከሳቃችሁ፣ ልጁ ከባዱን ነገር ችሏል ማለት ነው።

ረዘመባችሁ አይደል? እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው። ከተረት፣ ከቤተ ሰብ፣ ከገበያ፣ ከትምህርት ቤት፣ «ሊሆን ነው፣ ሊሆን ነው» እያላችሁ የሳቃችሁበትን አንድ ነገር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የምትሥሉ ልጆች ከዚያ መርጣችሁ ሥሩት፤ ሥራችሁን ላኩልኝ፣ እዚሁ ገጽ ላይ ስማችሁን ጠርቼ አጋራዋለሁ።

ቸር ሰንብቱልኝ።